የተማሪ ሮኬት በታሰበለት ከፍታ ላይ እንዲቆም፦ የአየር ፍሬን አሠራር ከሀ እስከ ፐ

ሮኬት ሠርቶ ማስወንጨፍ አንድ ነገር ነው። «ይህን ያህል ሜትር ይወጣል» ብሎ ቀድሞ ተናግሮ እዚያው ላይ ማስቆም ሌላ ነገር ነው። ናሳ በየዓመቱ ለአሜሪካ ተማሪዎች የሚያዘጋጀው የሮኬት ውድድር ይህንን ነው የሚጠይቀው። ቡድኖቹ ከ4,000 እስከ 6,000 ጫማ ባለው ክልል ውስጥ አንድ ከፍታ ይመርጣሉ፤ በሜትር ከ1,220 እስከ 1,830 ገደማ መሆኑ ነው። ቁጥሩን ከወራት በፊት ጽፈው ያስገባሉ። ከዚያ አላባማ ውስጥ፣ ሀንትስቪል አጠገብ ባለ የእርሻ ሜዳ ላይ ሲያስወነጭፉ ከቁጥሩ ምን ያህል እንደራቁ ይለካል።

ችግሩ ደግሞ ሮኬት ቃሉን አይጠብቅም። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ሞተሮች እንኳ ጉልበታቸው ትንሽ ይለያያል። ንፋስ ያጋድለዋል። ቀለም ሲቀባ ይከብዳል። ኮምፒውተር ላይ የተሰላው ከፍታና ሜዳ ላይ የሚገኘው ከፍታ በመቶ ሜትር ቢራራቁ ማንም አይደነቅም።

መፍትሔው የአየር ፍሬን ነው። ሞተሩ ነድዶ ካለቀ በኋላ ከሮኬቱ ጎን ትንንሽ ላሜራዎች ወጥተው አየሩን ይገጫሉ። ትንሿ ኮምፒውተር ስንት ይውጡ፣ መቼ ይመለሱ የሚለውን በየቅጽበቱ ትወስናለች። በበረራ ላይ ራሱን የሚያርም ሮኬት ለመሥራት ለሚያስብ ቡድን ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም ባይ ነኝ። ሮኬቱ በራሱ ዙሪያ እንዳይሽከረከር የሚይዙ ተንቀሳቃሽ ክንፎችም አሉ፤ እነሱ ግን ሲሳሳቱ ሮኬቱን ያጣምማሉ። ፍሬን ሲሳሳት በአብዛኛው ከፍታ ነው የሚያሳጣው።

አንድ መስመር ከአሁኑ ይሰመር። ሮኬትን ወደ አንድ ቦታ መምራት ክልክል ነው። አይአርኢሲ የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ሕግ፣ ንቁ መቆጣጠሪያ ለማረጋጋት ወይም ለፍሬን ብቻ እንዲውል በግልጽ ይደነግጋል። ይህ መመሪያም ከፍሬን አያልፍም።

ሌላው፣ ይህ የጓሮ ሥራ አይደለም። ጠቅላላ ግፊቱ ከ160 ኒውተን ሰከንድ ያለፈ ሞተር «ከፍተኛ ኃይል» ይባላል፤ ለመግዛትም ለማስወንጨፍም ብቃቱ የተረጋገጠለት ሰው ያስፈልጋል። በናሳው ውድድር ሞተሩ ከገበያ የተገዛና የተመሰከረለት መሆን አለበት፤ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ጣሪያ 5,120 ኒውተን ሰከንድ ነው። ቡድኑም ፈቃድ ያለው አማካሪ ይኖረዋል። የአየር ክልሉ ፈቃድ ደግሞ ለብቻው ነው።

1. ሮኬቱ እንዲያልፍ አድርጋችሁ ሥሩት

ፍሬን ከፍታ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሮኬቱ ያለ ፍሬን 1,500 ሜትር ብቻ የሚወጣ ከሆነና ዒላማችሁ 1,524 ከሆነ የዓለም ምርጥ ኮድ አያድናችሁም። ስለዚህ ሞተር ስትመርጡ ሆን ብላችሁ የሚያልፍ ምረጡ።

በስንት ይለፍ? ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ቢከፈት መቀነስ የሚችለውን ከፍታ ፈልጉ፤ የዚያ ግማሽ ያህል ይለፍ። እንዲህ ከሆነ ሞተሩ ከተጠበቀው በላይ ቢበረታም ቢደክምም ኮምፒውተሯ መጫወቻ ቦታ ይኖራታል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ሞተሩ ካቆመ በኋላ ሮኬቱን የሚያቆሙት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ስበትና የአየር ጉተታ። ቀጥ ብሎ እየወጣ ነው ካልን፦

ተጨማሪ ከፍታ = (ክ ÷ 2ጉ) × ሎግ (1 + ጉ × ፍ² ÷ (ክ × 9.81))

«ክ» የሮኬቱ ክብደት በኪሎግራም ነው፣ ነዳጁ ካለቀ በኋላ ያለው። «ፍ» በዚያች ቅጽበት ያለው ፍጥነት ነው። «ሎግ» የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ነው። «ጉ» የጉተታ ቁጥር ነው፤ የአየሩ እፍጋት ግማሽ ሲባዛ ከፊት በሚታየው የቱቦው ክብ ስፋት በካሬ ሜትር፣ ሲባዛ በቅርጽ መለኪያው፤ ይህም ቅርጹ አየሩን ምን ያህል እንደሚገታ የሚናገር ቁጥር ነው።

በቁጥር እንየው። ሮኬቱ 20 ኪሎ ነው። የቱቦው ዲያሜትር 15.2 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 6 ኢንች የሚባለው ቱቦ። የቅርጽ መለኪያው 0.5፣ የአየሩ እፍጋት 1.1 ቢሆን «ጉ» 0.005 ይመጣል። ሞተሩ 350 ሜትር ላይ በሴኮንድ 190 ሜትር ፍጥነት ሰጥቶት አለቀ እንበል። ቀመሩ ተጨማሪ 1,305 ሜትር ይሰጣል። ድምሩ 1,655 ነው። ዒላማው 5,000 ጫማ፣ ማለትም 1,524 ሜትር ከሆነ ሮኬቱ በ131 ሜትር ያልፋል።

ይህ ቀመር ከድምፅ ፍጥነት በደንብ ዝቅ ብሎ ለሚበር ሮኬት ይበቃል። ድምፅን ለሚጠጋ ግን አይታመንም፤ እዚያ አካባቢ የቅርጽ መለኪያው ይዘላል።

2. የላሜራውን ስፋት አስሉ

አራት ላሜራዎች እንውሰድ። እያንዳንዱ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፣ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ጠቅላላ 60 ካሬ ሳንቲ ሜትር። ለአየር ቀጥ ብሎ የቆመ ዝርግ ነገር የቅርጽ መለኪያው 1.2 ገደማ ነው። ይህ ሲጨመር «ጉ» ከ0.005 ወደ 0.009 ይጠጋል። ትንሽ የሚመስል ላሜራ ጉተታውን ወደ እጥፍ ማድረሱ ነው።

ቀመሩን በአዲሱ ቁጥር ስታሰሉት፣ ፍሬኑ ሞተሩ እንዳለቀ ወዲያው ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ ሮኬቱ 1,437 ሜትር አካባቢ ይቆማል። ዝግ ሆኖ 1,655፣ ክፍት ሆኖ 1,437። ልዩነቱ 218 ሜትር ሲሆን 1,524 መሀል ላይ ተቀምጧል። የምንፈልገው ይህንን ነው።

አሁን አንድ ሴኮንድ ብቻ ዘግይቶ ቢከፈትስ? 218 የነበረው ወደ 170 ይወርዳል። የአየር ጉተታ ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚሄድ ፍሬኑ ጉልበት ያለው መጀመሪያ ላይ ነው። በ190 ሜትር በሴኮንድ ላሜራዎቹ ሮኬቱን በየሴኮንዱ ተጨማሪ 7 ሜትር በሴኮንድ ያዘገዩታል። ፍጥነቱ ሲጋመስ ይህ ወደ 1.8 ይወርዳል። 30 ላይ ሲደርስ 0.2 እንኳ አይሞላም። ጉዞው ከ14 እስከ 15 ሴኮንድ ቢፈጅም ነገሩ የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ አምስት ሴኮንዶች ነው። እንደ ቁልቁለት ሹፌር ቀድሞ መያዝ እንጂ መጨረሻ ላይ መርገጥ አይሠራም።

3. ማሽኑ

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው እንደ መስኮት በማጠፊያ የሚከፈት ነው። ሁለተኛው እንደ መሳቢያ ወደ ጎን የሚንሸራተት ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱ የጉልበት ጉዳይ ነው።

በ190 ሜትር በሴኮንድ እያንዳንዱን ላሜራ አየሩ በ36 ኒውተን ይጫነዋል፤ 3.6 ኪሎ እንደማንጠልጠል ነው። በማጠፊያ የሚከፈት ከሆነ ላሜራዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ሰርቮ፣ ማለትም በኮምፒውተሯ ትእዛዝ የታዘዘውን ያህል የሚዞር ትንሽ ሞተር፣ ይህንን ኃይል ፊት ለፊት ይገጥማል። ኃይሉ ላሜራው መሀል ላይ፣ ከማጠፊያው 1.5 ሳንቲ ሜትር ርቆ ያርፋል ካልን አራቱ ተደምረው ወደ 22 ኪሎግራም ሳንቲ ሜትር ጉልበት ይጠይቃሉ። የሚንሸራተት ከሆነ ግን አየሩ የሚጫነው ወደ ታች ነው፣ ላሜራው የሚሄደው ወደ ጎን። ሰርቮው የሚታገለው ከሰበቃ ጋር ብቻ ነው። ሰበቃው የጭነቱ 30 በመቶ ያህል ቢሆን 43 ኒውተን፣ በ3 ሳንቲ ሜትር ክንድ 13 ኪሎግራም ሳንቲ ሜትር። ላሜራ ሲጣመም መንከሱ አይቀርምና እጥፉን ያዙ፤ ከ25 እስከ 35 የሚል ሰርቮ፣ የብረት ጥርስ ያለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሀል ላይ አንድ ክብ ሳህን በኩሽኔታ ላይ ይቀመጣል። ሰርቮው ሳህኑን ያዞረዋል። ከሳህኑ ጠርዝ አራት አጫጭር ቤላዎች ወጥተው ከአራቱ ላሜራዎች ጋር ይያያዛሉ። ሳህኑ ሲዞር አራቱም እኩል ይወጣሉ፣ እኩል ይገባሉ።

«እኩል» የምትለዋን አትለፏት። ለእያንዳንዱ ላሜራ የራሱን ሰርቮ ማድረግ በወረቀት ላይ ያምራል። አንዱ ቢነክስ ግን ሦስቱ ወጥተው አንዱ ቀረ ማለት ነው፤ ሮኬቱ ወደ አንድ ጎን ይጎተታል። በአንድ ሳህን ከተያያዙ ወይ ሁሉም ይንቀሳቀሳሉ፣ ወይ አንዳቸውም።

ላሜራው 3 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ወይም ፋይበርግላስ ይሁን። የሚንሸራተትበትን መስመር በፕላስቲክ ስትሠሩ ናይለን ወይም አሴታል ተጠቀሙ፤ በስሪዲ ፕሪንተር የወጣ ተራ ፕላስቲክ በጠራራ ፀሐይ መኪና ውስጥ ሲቆይ ይለሰልሳል። ሳህኑ ላይ ወደ መዝጊያው የሚስብ ሞላ ጨምሩበት። ብሎኖቹን ሁሉ በብሎን ማጣበቂያ ያዙ፤ የሞተሩ ንዝረት ያልተያዘ ብሎን አይምርም።

4. የት ይቀመጥ?

ከክብደት መሀሉ በታች። ጉተታው ከክብደት መሀሉ በላይ ከመጣ ሮኬቱን ለመገልበጥ ይሠራል። ወደ ጅራቱ አብዝቶ መጠጋትም ጣጣ አለው፤ ከላሜራው ጀርባ የሚታወከው አየር ክንፎቹን ይመታና ሥራቸውን ያዳክማል። ላሜራዎቹን በክንፎቹ መሀል ለመሀል አድርጉ፤ አራት ክንፍ ካለ 45 ዲግሪ አዙሯቸው።

ከዚያ ሮኬቱን ፍሬኑ የሌለ ያህል ቁጠሩትና መረጋጋቱን አስሉ። የናሳው ውድድር ከማስወንጨፊያ ሐዲዱ ሲለቅ የመረጋጋት ልኩ ቢያንስ 2 እንዲሆን ይጠይቃል፤ ይህም የግፊት መሀሉ፣ የአየሩ ኃይል ተጠቃሎ የሚያርፍበት ነጥብ፣ ከክብደት መሀሉ በሁለት የቱቦ ዲያሜትር ዝቅ ይበል ማለት ነው። ኦፕንሮኬት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይህን ያወጣላችኋል። ሮኬቱ ለመረጋጋት ፍሬኑን የሚፈልግ ከሆነ ከመጀመሪያው ተበላሽቷል።

5. ኤሌክትሮኒክስ

ኮምፒውተሯ ቲንሲ 4.1 ወይም ማንኛዋም ኤስቲኤም32 ቦርድ ትሁን። ከአየር ግፊት ከፍታን የሚያውቀው ባሮሜትር፦ ኤምኤስ5611 ወይም ቢኤምፒ390። የፍጥነት ለውጥን የሚለካው አክሰለሮሜትር ሞተሩ ሲነሳ እንዳይደነቁር ሰፊ ልክ ያለው ይሁን፤ ኤዲኤክስኤል375 እስከ 200 ጂ፣ ማለትም እስከ 200 እጥፍ የመሬት ስበት፣ ይለካል። መጋደሉን ለማወቅ መዞርን የሚለካ ጋይሮ ጨምሩ። መረጃው የሚጻፍበት ሚሞሪም አይረሳ።

ሁለት ነገሮችን ግን ለማንም አትደራደሩ።

የመጀመሪያው፣ ከፍታን ለክተው ፓራሹቱን የሚያወጡት አልቲሜትሮች ለብቻቸው ናቸው። የራሳቸው ባትሪ፣ የራሳቸው ማብሪያ፣ ከገበያ የተገዙ፣ ሁለት። የፍሬኑ ኮምፒውተር ቢቃጠል እንኳ ፓራሹቱ መውጣት አለበት።

ሁለተኛው፣ ሰርቮውና ኮምፒውተሯ ኃይል በአንድ ሬጉሌተር፣ ማለትም በአንድ የቮልቴጅ ማስተካከያ፣ አይጋሩ። ሰርቮ ሲነክስ ብዙ አምፒር ይስባል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኮምፒውተሯ ጠፍታ ትነሳለች። ጠፍታ ስትነሳ ደግሞ መሬት ላይ ያለች ይመስላታል፤ ከፍታዋን ከዜሮ ትጀምራለች። ይህ ብልሽት ጠረጴዛ ላይ አይታይም፤ ላሜራው ባዶውን ስለሚንሸራተት ሰርቮው አይጨነቅም። ስለዚህ ሰርቮውን በእጃችሁ ይዛችሁ አስጨንቁትና የኮምፒውተሯን ቮልቴጅ ለኩ።

ባሮሜትሩ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች በቱቦው ዙሪያ እኩል ተራርቀው፣ ከፍሬኑ ርቀው ወደ ላይ ይሁኑ። ላሜራ ሲወጣ አካባቢው ያለው ግፊት ይናወጣል፤ ባሮሜትሩ አጠገቡ ከሆነ ሮኬቱ በድንገት የወጣ ወይም የወረደ ይመስለዋል።

ሜዳው ላይ ያለውን ግፊት ዜሮ ማድረግንም አትርሱ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ኮዱን ለሚሞክር ሰው ባሮሜትሩ ከ760 እስከ 780 ሄክቶፓስካል ነው የሚያነበው። ከባሕር ወለል የሚቆጥር ኮድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «2,300 ሜትር ላይ ነኝ» ይላል። የአየሩ እፍጋትም ከባሕር ወለሉ በአምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ የአላባማ ቁጥር እዚያ አይሠራም።

6. ኮዱ መቼ ምን ያድርግ?

ኮዱን በደረጃ ከፋፍሉት። ሮኬቱ ሁልጊዜ ከአራቱ በአንዱ ውስጥ ነው፦ መቆሚያው ላይ፣ ሞተር እየነደደ፣ እየተንሳፈፈ፣ ጫፍ ደርሶ። ወደ ኋላ መመለስ የለም።

መነሳቱን ለማወቅ በአንድ ምልክት ብቻ አትመኑ። ከ3 ጂ በላይ ለሁለት አሥረኛ ሴኮንድ የቆየ አክሰለሬሽን፣ እና ከ30 ሜትር ያለፈ ከፍታ፣ ሁለቱም ይሟሉ። አለበለዚያ ሮኬቱን ተሸክሞ የሚሄድ ልጅ ሲደናቀፍ ፍሬኑ ሊነቃ ነው።

ሞተሩ ማለቁን አክሰለሮሜትሩ ይነግራችኋል፤ ወደ ፊት ሲገፋ የነበረው ንባብ ወደ ኋላ ይዞራል። በተከታታይ ንባቦች ይረጋገጥ። በተጨማሪ የሞተሩን የመንደጃ ጊዜ የሚጠብቅ ሰዓት ቆጣሪ ይኑር። ሞተሩ እየነደደ ፍሬኑ መከፈት የለበትም።

መዝጊያውም በኮዱ ውስጥ ይጻፍ። ሮኬቱ ከተነሳበት አቅጣጫ ከ30 ዲግሪ በላይ ካጋደለ ዝጋ። የሴንሰር ንባብ ከጠፋ ዝጋ። ፍጥነቱ ከ30 ሜትር በሴኮንድ ከወረደ ዝጋ፤ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ምንም አይፈይድም፣ ፓራሹት ሊወጣ ሲል ላሜራ ገመድ ቢይዝ ግን ጣጣ ነው። የ30 ዲግሪው ወሰንና የመዝጋቱ ግዴታ በአይአርኢሲ ሕግም ውስጥ አሉ።

7. ስንት ይከፈት?

እዚህ ላይ ብዙ ቡድን ይራቀቃል። አያስፈልግም። በሴኮንድ ከ20 እስከ 50 ጊዜ ይህንን ብቻ አስሉ፦

አሁን ካለሁበት ከፍታና ፍጥነት ዝግ ሆኜ ብቀጥል የት እደርሳለሁ? ክፍት ሆኜ ብቀጥልስ?

መክፈቻ = (የዝጉ ከፍታ − ዒላማ) ÷ (የዝጉ ከፍታ − የክፍቱ ከፍታ)

በምሳሌያችን 131 ÷ 218፣ ማለትም 0.6። ፍሬኑ 60 በመቶ ይከፈታል። ከጥቂት ቅጽበት በኋላ እንደገና ይሰላል። መልሱ ከዜሮ ካነሰ ዜሮ፣ ከአንድ ከበለጠ አንድ። ለውጡ ከ3 ወይም ከ4 በመቶ ካነሰ ሰርቮው አይነቃነቅ፤ ያለበለዚያ በሴንሰር ጫጫታ፣ ማለትም በንባቡ ትንንሽ መዋዠቅ፣ ሲንቀጠቀጥ ባትሪውን ይጨርሳል።

ፍጥነቱንና ከፍታውን የሚሰጣችሁ ካልማን ፊልተር ነው፤ ባሮሜትሩንና አክሰለሮሜትሩን አስታርቆ አንድ ግምት ያወጣል። ፍሬኑ ሲንቀሳቀስ ለባሮሜትሩ የሚሰጠውን እምነት ቀንሱ።

ብዙዎች የማይጠቀሙበት አንድ ጥሩ ነገር አለ። ሮኬቱ ሲንሳፈፍ አክሰለሮሜትሩ ስበትን አያይም፤ የሚያየው የአየር ጉተታን ብቻ ነው። ስለዚህ ንባቡን በፍጥነቱ ካሬ ስታካፍሉት እውነተኛው «ጉ ÷ ክ» ይወጣል። በምሳሌያችን ዝግ ሆኖ በ190 ሜትር በሴኮንድ ንባቡ 9 ገደማ ነው፤ ለ36,100 ሲካፈል 0.00025 ይሰጣል። ኮምፒውተሯ ሞተሩ ካለቀ በኋላ በነበሩት ጥቂት ንባቦች የሮኬቱን ትክክለኛ ጉተታ ልታውቅ ትችላለች። ከሶፍትዌር ግምት ይህ ይሻላል።

ሮኬቱ ካጋደለ ቀመሩ ትንሽ ይዋሻል፤ ወደ ላይ ያለውን ፍጥነት ብቻ አስገቡ። መጋደሉ አነስተኛ ከሆነ ተደጋግሞ መሰላቱ ራሱ ስህተቱን ያርመዋል።

8. ሙከራ

መጀመሪያ ጭነት። የፍሬኑን ክፍል እንደሚበርበት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና በእያንዳንዱ ላሜራ ጫፍ ላይ አየሩ በሚጫንበት አቅጣጫ 3.6 ኪሎ አንጠልጥሉ፤ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። እየተንጠለጠለ ይክፈት፣ ይዝጋ። ከተንተፋተፈ ሰርቮው ሳይሆን መንሸራተቻው ነው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው፤ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሱት።

ቀጥሎ የውሸት በረራ። ሮኬትፓይ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ የአየር ፍሬን ያለው በረራ ማስላት ይችላል። የዚያን ቁጥሮች ጫጫታ ጨምራችሁ ለኮምፒውተሯ ልክ ከሴንሰር እንደመጡ አድርጋችሁ ስጧት። ሰርቮው ጠረጴዛው ላይ በእውነት ይንቀሳቀስ። ሞተሩን 5 በመቶ አጠንክሩት፣ አድክሙት። ባሮሜትሩን መሀል ላይ ግደሉት። ኃይሉን አቋርጡት። በየጊዜው ወደ ዝግ መመለሱን እዩ።

በረራው ሦስት እርከን ይኑረው። በመጀመሪያው ፍሬኑ ተቆልፎ ኮምፒውተሯ ትመዝግብ ብቻ። በሁለተኛው ሞተሩ ካለቀ በኋላ በተወሰነ ልክ፣ ለምሳሌ ግማሽ፣ ተከፍቶ ይቆይ፤ የላሜራው እውነተኛ ጉተታ የሚታወቀው እዚህ ነው። ኮምፒውተሯ በራሷ የምትወስነው በሦስተኛው ነው። ብዙ ቡድን ጊዜ አጠረኝ ብሎ ሁለተኛውን ይዘላል፤ ከሚዘለሉት ሁሉ የሚያስቆጨው እሱ ነው።

በማስወንጨፊያው ቀን ፍሬኑን ስታበሩ ጣታችሁን ከላሜራው አርቁ፤ ሰርቮ ኃይል ሲያገኝ ይዘላል። ዝግ መሆኑን በዓይን አረጋግጡ፣ ሜዳው ላይ ያለውን ግፊት ዜሮ አድርጉ፣ የቀኑን ሙቀት አስገቡ። የፓራሹት አልቲሜትሮቹ የሚበሩት ሮኬቱ ሐዲዱ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ ነው።

ሮኬቱ ሲወርድ መዝገቡን ገልብጡና ሁለት መስመሮችን አንድ ላይ ሣሉ፦ ኮምፒውተሯ በየቅጽበቱ «እዚህ እደርሳለሁ» ያለችውንና በእውነት የደረሰችበትን። ግምቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ በአንድ ወገን ከዋሸ «ጉ» ተሳስቷል። ፍሬኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግምቱ ከዘለለ ባሮሜትሩ ነው። መጀመሪያ ጥሩ ሆኖ ወደ መጨረሻ ከተንሸራተተ መጋደሉን እዩ። ያገኛችሁትን አዲስ ቁጥር ለቀጣዩ በረራ ኮዱ ውስጥ አስገቡት።